ከመዝገብ ወደ አድራሻ፦ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መረጃ በዩአርኤል ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰማ ጠባብ ሊመስል ይችላል። አንድ የተዋቀረ መረጃ፣ ማለትም ቁልፍና እሴት ያለው መዝገብ፣ በድር አድራሻ ውስጥ ሊያልፍ ወደሚችል አንድ የፊደላት ሰንሰለት የሚቀየረው እንዴት ነው? የፕሮግራም መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት ቦታ አንድ ገጽ ቢሆን ነው። ብዙዎቹም የተጻፉት መረጃው በላቲን ሆሄ እንደሚሆን ታስቦ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በጢስ ዓባይ ያለ ሰው ስሙንና ቦታውን በራሱ ፊደል ሲጽፍ ግን ያ አንድ ገጽ አይበቃም። ከቅጹ የተላከው ስም በመንገድ ላይ ሲበላሽ ሥርዓቱ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «አልተገኘም» ይላል። በመዝገብ ያለ ሰው የለም ይባላል ማለት ነው።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። የፐርሰንት ምልክት የሞላበት ረጅምና ለዐይን የማይማርክ የአድራሻ ጽሑፍ፣ በትክክል ከተሠራ፣ የባለቤቱን ቃል አንድም ፊደል ሳያጎድል ያደርሳል። በአንጻሩ ለዐይን የሚቀለው በላቲን ሆሄ መጻፍ መረጃን በዝምታ ያጠፋል። ስለዚህ መለኪያችን መልሶ ወደ ነበረበት መመለስ መቻሉ እንጂ ውበቱ መሆን የለበትም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። በሰሌዳው ላይ በላቲን ሆሄ የሚታየውን ኮድ በዚህ ጽሑፍ እንደሚነበበው በግዕዝ ፊደል አስፍሬዋለሁ። ለምሳሌ «%ኢ1» የሚለው በሰሌዳው ላይ የላቲኑ አምስተኛ ፊደልና አንድ ቁጥር ነው።

1. አድራሻው ምን ምን ክፍሎች አሉት?

ዩአርኤል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 በቲም በርነርስ ሊ፣ በላሪ ማሲንተርና በማርክ ማካሂል አዘጋጅነት በወጣው ሰነድ በመደበኛነት ተገለጸ። ዛሬ የምንመራበት ጠቅላላ ደንብ ደግሞ በጥር 2005 የወጣው፣ ቁጥሩ 3986 የሆነው ሰነድ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት አድራሻ አምስት ክፍሎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ የግንኙነቱ ስልት፣ አስተናጋጁ፣ ፍኖቱ፣ መጠይቁና የገጹ ቁራጭ ናቸው። ሦስተኛውን ክፍል «ፍኖት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ፍኖት በግዕዝ መንገድ ማለት ነው። የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ስምም የሰላም መንገድ ማለት ስለሆነ፣ የዚህ አካባቢ ተማሪ ይህን ክፍል በባዕድ ቃል መጥራት የሚያስፈልገው አይመስለኝም። መጠይቁ ከጥያቄ ምልክት ቀጥሎ የሚመጣው ክፍል ሲሆን፣ የተዋቀረ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው በእርሱ ላይ ነው።

ደንቡ በነጻነት የሚያስገባቸው ምልክቶች 66 ብቻ ናቸው፤ 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት በትልቁና በትንሹ፣ አሥሩ አኃዞች፣ እንዲሁም አራት ሥርዓተ ነጥቦች። ሌሎች 18 ምልክቶች ለሥራ የተያዙ ናቸው፤ እነ «/»፣ «?»፣ «#»፣ «&»፣ «=» እና «+» የክፍሎችን ወሰን ያመለክታሉ። ከእነዚህ ውጭ ያለ ማንኛውም ነገር፣ መላው የግዕዝ ፊደልም ጭምር፣ በኮድ ካልተተካ አያልፍም።

የተያዙ ምልክቶችን ጉዳይ ከእርሻ መሬት ጋር ላመሳስለው። በገጠር የሁለት ገበሬዎችን ማሳ የሚለየው የወሰን ድንጋይ ነው። ማሳው ራሱ ድንጋያማ ከሆነ የወሰኑ ድንጋይ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ያለው አማራጭ የማሳውን ድንጋዮች በሚታወቅ ምልክት መለየት ነው። በአድራሻም እንዲሁ ነው። «&» ወሰን ሆኖ ሲሠራ እንዳለ ይጻፋል፤ የባለቤቱ ጽሑፍ አካል ሲሆን ግን «%26» ተብሎ ይጻፋል። ኮድ የማድረግ ሥራ ከሥሩ ወሰንን ከይዘት መለየት ነው።

2. መዝገቡ እንዴት አንድ መስመር ይሆናል?

የእህል ዋጋ የሚጠየቅበት አንድ የድር አገልግሎት አለ እንበል። ጠያቂው ከተማ፦ ቡሬ፣ እህል፦ በቆሎ ብሎ ይሞላል። እያንዳንዱ ቁልፍ ከእሴቱ ጋር በ«=» ይያያዛል፤ ጥንዶቹ በ«&» ይለያያሉ፤ «ከተማ=ቡሬ&እህል=በቆሎ» ይሆናል። ይህ አሠራር የመጣው ከድረ ገጽ ቅጾች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሁለተኛው የኤችቲኤምኤል ደንብ ውስጥ ተደንግጓል። ለጠፍጣፋ መዝገብ በቂ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መዝገቡ ሲደራረብ ነው። «ቦታ» የሚለው ቁልፍ በውስጡ ዞንና ወረዳ ቢይዝ፣ «እህል» የሚለውም በቆሎና ጤፍ የሚል ዝርዝር ቢሆን፣ የ1995ቱ ደንብ ስለዚህ የሚለው ነገር የለም። ስለዚህ የፕሮግራም ቋንቋዎች የየራሳቸውን ልማድ አበጁ። ፒኤችፒ «ቦታ[ዞን]=ምዕራብ ጎጃም» እና «እህል[]=በቆሎ&እህል[]=ጤፍ» የሚለውን የቅንፍ አጻጻፍ ይቀበላል። ሌሎች ቁልፉን ሳይለውጡ ይደግሙታል፤ «እህል=በቆሎ&እህል=ጤፍ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በኮማ ያያይዛሉ። ላኪው በአንዱ ልማድ ጽፎ ተቀባዩ በሌላው ቢያነብ ሁለቱም በራሳቸው ልክ ናቸው፤ ጤፉ ግን ይጠፋል።

በጃቫስክሪፕት ውስጥ አዲስ ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚያስቸግር አንድ ባሕርይ አለ። ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ ለተባለው መሣሪያ የተደራረበ መዝገብ ብትሰጡት ስሕተት ነው ብሎ አይቆምም። የውስጡን መዝገብ «[ኦብጀክት ኦብጀክት]» ወደሚል ባዶ ቃል ይለውጠውና ይልከዋል። ዞኑም ወረዳውም በመንገድ ይቀራሉ፤ አድራሻው ግን ለተመልካች ደህና ይመስላል።

የእሴት ዓይነትም እንዲሁ ይጠፋል። በአድራሻ ውስጥ ያለው ሁሉ ጽሑፍ ነው። 5 ቁጥር ይሁን ፊደል፣ ባዶ እሴት «አልተሞላም» ማለት ይሁን «ሆን ተብሎ ባዶ ተተወ»፣ ከመስመሩ አይታወቅም። ኤችቲቲፒ ቢልድ ኲዌሪ የተባለው የፒኤችፒ ተግባር እውነትን 1፣ ሐሰትን 0 አድርጎ ይጽፋል፤ እሴት የሌለውን ቁልፍ ደግሞ ጨርሶ ይጥለዋል። በእኛ አገር በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠራችን ይጨመራል። አሥራ ሦስተኛው ወር ያለበት የጳጉሜን ቀን፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር ቁልፍ አብሮት ካልሄደ፣ አሥራ ሁለት ወር ብቻ በሚያውቅ ፕሮግራም ዘንድ የተሳሳተ ቀን ተብሎ ይጣላል። ሌሎቹ ወራት ደግሞ ሳይጣሉ በተሳሳተ ዓመትና ወር ይመዘገባሉ፤ ይህም የባሰ ነው።

3. የፊደላችን ዋጋ

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ቦታውን አገኘ። እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። ይህን ቁጥር ወደ ባይት የሚለውጠው የተለመደው ዘዴ ዩቲኤፍ-8 ሲሆን፣ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ያበጁት ነው። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት፣ የዐረብኛና የዕብራይስጥ ፊደል ሁለት ባይት፣ የግዕዝ፣ የሂንዲና አብዛኛው የቻይንኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ባይት አንድ የፐርሰንት ምልክትና በአሥራ ስድስት መሠረት የተጻፉ ሁለት አኃዞች ይሆናል። ስለዚህ አንድ የአማርኛ ሆሄ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል።

«ቡሬ» ሁለት ሆሄ ነው፤ በአድራሻ «%ኢ1%89%ኤ1%ኢ1%88%ኤሲ» ይሆናል፤ 18 ምልክት። «ጢስ ዓባይ» አምስት ሆሄና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 48 ይሆናል። «ፍኖተ ሰላም» 57 ይሆናል። ሁሉም ሆሄያት በ«%ኢ1» እንደሚጀምሩ ልብ በሉ። ዋናው የግዕዝ ሰንጠረዥ በሙሉ በዚሁ ባይት ስለሚጀምር፣ ከዘጠኙ ምልክቶች ሦስቱ በሁሉም ላይ የሚደጋገሙ ናቸው። ቁልፉም በአማርኛ ሲሆን «ከተማ=ቡሬ» የሚለው የስድስት ምልክት ጽሑፍ 46 ይሆናል።

ይህ ጭነት የሚሰማው ርዝመት ሲገደብ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለው ብራውዘር ከ2083 ምልክት የሚረዝም አድራሻ አይቀበልም ነበር፤ ይህ በእኛ ፊደል ወደ 231 ሆሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤችቲቲፒ ደንብ ሥርዓቶች ቢያንስ 8000 ባይት የሚረዝም አድራሻ እንዲቀበሉ ይመክራል፤ ይህም ወደ 888 ሆሄ ይደርሳል። የቦታና የእህል ስም ለመላክ በቂ ነው፤ አንድ ሙሉ የአቤቱታ ጽሑፍ ለመላክ ግን አይበቃም፤ አድራሻውም ለዚያ የታሰበ አይደለም።

ርዝመት የግድ ሲያስቸግር ሌላ መንገድ አለ። መዝገቡን በሙሉ በጄሰን ጽፎ፣ ባይቶቹን ቤዝ64 ዩአርኤል በተባለው ዘዴ መለወጥ ይቻላል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ደንብ የተገለጸ ሲሆን፣ በአድራሻ ውስጥ ችግር የሚፈጥሩትን «+» እና «/» በ«-» እና «_» ይተካል። ዘዴው ሦስት ባይትን ወደ አራት ምልክት ይለውጣል። የእኛ ሆሄ ልክ ሦስት ባይት ስለሆነ በአማካይ አራት ምልክት ብቻ ይወስዳል፤ «ቡሬ» ከ18 ወደ 8 ይወርዳል። የተደራረበው መዝገብም ዓይነቶቹም ይጠበቃሉ። ነገር ግን ሰርቨሩ ይህን በራሱ አይፈታውም፤ ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው መስማማት አለባቸው። ደግሞም ምስጢር አይደለም፤ ማንም ሊፈታው ይችላል።

4. በእኛ መረጃ ላይ የሚደርሱ ጉዳቶች

ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ብልሽቶች በየትኛውም አገር ይደርሳሉ። የእኛ አጻጻፍ ግን ለአንዳንዶቹ በተለይ ያጋልጠናል።

የመጀመሪያው ሕዝባር ነው። እኛ ስምን በሕዝባር የማሳጠር ልማድ አለን፤ «ኃ/ማርያም»፣ «ገ/ሥላሴ»፣ «ወ/ሮ»፣ «መ/ር» እንላለን። ይህ «/» በፍኖቱ ውስጥ ኮድ ሳይደረግ ከገባ ስሙ ለሁለት ይከፈላል፤ ሥርዓቱ «ኃ» በሚባል ማኅደር ውስጥ «ማርያም» የምትባል ገጽ መፈለግ ይጀምራል። «%2ኤፍ» ተብሎ በትክክል ቢጻፍ እንኳ፣ አፓቼ የተባለው የሰርቨር ሶፍትዌር በነባሪ አሠራሩ እንዲህ ያለውን ፍኖት «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ የሰውን ስም በፍኖት ውስጥ ማስገባት በአገራችን ሁኔታ አይመከርም፤ ሕዝባር በመጠይቁ ክፍል ውስጥ ግን ችግር አይፈጥርም።

ሁለተኛው የመደመር ምልክት ነው። በቅጾች ልማድ ክፍት ቦታ «+» ይሆናል፤ ሲፈታም «+» ተመልሶ ክፍት ቦታ ይሆናል። የአገራችን የስልክ መለያ በ«+251» ይጀምራል። ኮድ ሳይደረግ ሲላክ ተቀባዩ የሚያገኘው ክፍት ቦታና 251 ነው፤ ከመዝገቡ ጋርም አይገጥምም። መድኃኒቱ «%2ቢ251» ብሎ መጻፍ ነው። በዚህ ላይ መሣሪያዎች እንደሚለያዩ እወቁ፤ በጃቫስክሪፕት ኢንኮድ ዩአርአይ ኮምፖነንት ክፍት ቦታን «%20» ሲያደርግ፣ ዩአርኤል ሰርች ፓራምስ «+» ያደርገዋል። በፍኖቱ ክፍል ውስጥ ደግሞ «+» ያው መደመር እንጂ ክፍት ቦታ አይደለም።

ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ኮድ ማድረግ ነው። የፐርሰንት ምልክት ራሱ ኮድ ሲደረግ «%25» ይሆናል። አንዱ ፕሮግራም ኮድ ያደረገውን ሌላው ሳያውቅ ቢደግመው፣ ዘጠኝ ምልክት የነበረው ሆሄ 15፣ በሦስተኛው ጊዜ 21 ይሆናል። በመዝገቡ ውስጥ «ቡሬ» ሳይሆን የፐርሰንት ምልክቶች ክምር ይጻፋል። ደንቡ አጭር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻው ሰዓት ኮድ አድርጉ፤ ስትቀበሉም አንድ ጊዜ ብቻ ፍቱ።

አራተኛው መቆረጥ ነው። የዳታቤዙ ዐምድ 50 ምልክት ብቻ ቢይዝና ኮድ የተደረገ ጽሑፍ ቢገባበት፣ አምስት ሆሄ ይገባና ስድስተኛው ከወገቡ ይቆረጣል። ሲፈታም ጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። 57 ምልክት የሆነው «ፍኖተ ሰላም» በዚህ ዐምድ ውስጥ የመጨረሻውን «ም» ያጣል። ስለዚህ በዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ፊደሉ ራሱ እንጂ ኮዱ አይደለም።

አምስተኛው የቆየ አሠራር ነው። ኤስኬፕ የተባለው የጃቫስክሪፕት ተግባር «ቡ»ን «%ዩ1261» ብሎ ይጽፈዋል። አጭር ነው፤ ነገር ግን በየትኛውም የአድራሻ ደንብ ውስጥ ስለሌለ ብዙ ሰርቨሮች አይቀበሉትም። በአሮጌ ኮድ ውስጥ ስታገኙት አስወግዱት።

5. በላቲን ሆሄ መጻፍ መፍትሔ ነውን?

ከላይ የተነገረውን የሰማ ሰው «ታዲያ ስሙን በላቲን ሆሄ ብንጽፈው አንገላገልም?» ሊል ይችላል። ይህን ሐሳብ በየዓመቱ ከተማሪዎቼ እሰማለሁ፤ በቁም ነገር ሊመለስም ይገባዋል።

በላቲን ሆሄ የተጻፈ አድራሻ አጭርና ለዐይን የሚቀል ነው፤ ይህን አልክድም። ዳሩ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። «ቡሬ» በላቲን ሆሄ አንዳንድ ጊዜ በአራት ፊደል፣ አንዳንድ ጊዜ በአምስት ፊደል ይጻፋል፤ መጨረሻው «ኢ» ብቻ ነው ወይስ «አይ» እና «ኢ»? «ፍኖተ ሰላም» የመጀመሪያ አናባቢው በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ ሁለቱ ቃላትም አንዴ ተያይዘው አንዴ ተለያይተው ይገኛሉ። በተለመደው አጻጻፍ «ተ» እና «ጠ» አንድ ፊደል ይሆናሉ፤ «ከ» እና «ቀ»ም ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ፤ የሚጠብቀውና የሚላላው፣ ሳድሱና ግዕዙ ይደባለቃሉ። ከላቲኑ ተነሥቶ የመጀመሪያውን አማርኛ ማግኘት ግምት ነው።

ይህን ጉድለት የተረዱ ሰዎች ቀድሞም ነበሩ። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት፣ በ1990ዎቹ፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አበጅተዋል። በዚህ ሥርዓት ትንሹና ትልቁ የላቲን ሆሄ የተለያየ ድምፅ ይወክላሉ፤ ትንሹ «ተ»ን፣ ትልቁ «ጠ»ን። እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ አጻጻፍ ስላለው ጽሑፉ ወደ ግዕዝ ፊደል መመለስ ይችላል። በዚያ ዘመን በኢሜይል አማርኛ መጻፍ ያስቻለ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ደንቡ የሚሠራው የሚጽፈው ሰው ደንቡን ሲያውቅና ሲያከብር ነው። በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ቅጽ የሚሞላ ሰው ስሙን በላቲን ሆሄ የሚጽፈው በሴራ ሳይሆን እንደመሰለው ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የፐርሰንት ኮድ ምንም ግምት የለበትም። 48ቱን ምልክቶች ወደ ኋላ ስትፈቷቸው «ጢስ ዓባይ» ብቻ ይወጣል፤ ሌላ ምንም ሊወጣ አይችልም። በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቤቶች አንድ ቃል ሰምና ወርቅ ሲኖረው ባለቅኔው ይደነቃል። በአድራሻ ግን ሁለት ትርጉም ያለው ጽሑፍ ብልሽት ነው። በተጨማሪም አንባቢው ኮዱን ማየት የለበትም። ከ2005 ጀምሮ የዓለም አቀፍ አድራሻዎች ደንብ፣ ቁጥር 3987፣ አለልን። በዚህ መንፈስ ዘመናዊ ብራውዘሮች በአድራሻ መጻፊያቸው ላይ የአማርኛውን ፊደል እንዳለ ያሳያሉ፤ ኮዱ ብዙ ጊዜ የሚታየው አድራሻው ሲቀዳ ነው።

6. ኮዱ የማይፈታው ጥያቄ

እስካሁን ኮዱን አመስግኛለሁ፤ ልኩንም መናገር አለብኝ። ኮዱ የተጻፈውን በታማኝነት ያደርሳል። የተጻፈው የቱን ነገር እንደሚያመለክት ግን አያውቅም።

«ጢስ ዓባይ» የሚለውን አንዱ በ«ዓ»፣ ሌላው በ«አ»፣ ሦስተኛው በ«ዐ» ይጽፈዋል፤ «ጭስ» የሚልም አለ። ለአንባቢ ሁሉም ያው ፏፏቴ ነው። በአድራሻ ግን «ዓ» «%ኢ1%8ቢ%93»፣ «አ» «%ኢ1%8ኤ%ኤ0»፣ «ዐ» «%ኢ1%8ቢ%90» ይሆናሉ፤ ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። «ምዕራብ» እና «ምእራብ»፣ «ጎጃም» እና «ጐጃም»፣ «ደምበጫ» እና «ደንበጫ» እንዲሁ ናቸው። መፍትሔው የባለቤቱን አጻጻፍ አስተካክሎ ማስቀመጥ አይደለም፤ ሰው ስሙን በ«ኃ» ከጻፈ በ«ኃ» ይቀመጥ። ሞክሼ ሆሄያትን አንድ ማድረግ የሚገባው ለፍለጋ ብቻ በሚዘጋጅ ሌላ ዐምድ ላይ ነው።

ተቃራኒው ችግርም አለ። አንድ ስም ብዙ ቦታ ይሆናል። ቡሬ በምዕራብ ጎጃም አለ፤ በኢሉባቦርም አለ፤ በአፋር ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድም አለ። «ም/ጎጃም» የሚለው ምሕጻረ ቃል ምዕራብም ምሥራቅም ሊሆን ይችላል፤ የኮድ አሠራራችን ምንም ያህል ፍጹም ቢሆን ይህን አይመልስም። ስለዚህ በመዝገብ ውስጥ ያለ ቋሚ ነገር፣ ወረዳም ይሁን ተማሪ፣ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ አድራሻው ቁጥሩን ይያዝ፤ ስሙ በግዕዝ ፊደል በገጹ ላይ ይታይ። ሰው በነጻነት የሚጽፈው የፍለጋ ቃል ብቻ በፐርሰንት ኮድ ይጓዝ።

7. በአድራሻ ላይ የማይጻፍ ነገር

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአድራሻ ውስጥ የገባ መረጃ በብራውዘሩ የታሪክ ማኅደር ይቀራል፤ በሰርቨሩ የምዝግብ ፋይል ይጻፋል፤ ተቀድቶ በቴሌግራም ይላካል። ግንኙነቱ የተመሰጠረ ቢሆንም እነዚህ ሦስቱ አይቀሩም። የፐርሰንት ኮዱ ስሙን ለሰው ዐይን ስላደበዘዘው የተሸሸገ ይመስላል፤ አይደለም። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። ሕጉ ባይኖርም የሙያ ሥነ ምግባራችን ይህንኑ ያዘናል። የሕሙማን መረጃ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል በመጠይቅ መስመር አይላኩም፤ በጥያቄው አካል ውስጥ ይላካሉ።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ አዳራሽ ይዛችሁ እንድትወጡ የምፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ቁልፍ የባለሙያው ነው፤ አጭርና በላቲን ሆሄ ቢሆን ማንንም አይጎዳም። እሴት ግን የባለቤቱ ነው፤ እርሱ በጻፈው ፊደል ይቀመጥ። ለተደራረበ መዝገብና ለዝርዝር አንድ ልማድ ምረጡና በሰነድ አስፍሩት። ወሰኖቹን በእጃችሁ በመለጠፍ አትሥሩ፤ የቋንቋችሁን መሣሪያ ተጠቀሙ፤ የመሣሪያውንም ጠባይ ፈትሹ።

የፈተና መዝገባችሁን ደግሞ በእኛ እውነታ ሙሉት። ሕዝባር ያለበት ስም፣ «+251»፣ የጳጉሜን ቀን፣ «ዓ» እና «አ»፣ ክፍት ቦታ ያለው የከተማ ስም ይኑርበት። መዝገቡን ወደ አድራሻ ለውጡት፤ ከዚያ ፍቱት፤ ከመጀመሪያው ጋር አመሳክሩ። ሁለቱ በአንድ ሆሄ እንኳ ቢለያዩ ሥራው አላለቀም። ይህን ፈተና ለመሥራት ግማሽ ቀን ይበቃል። ያ ግማሽ ቀን ካልተሰጠ ግን፣ ከቋሪት ወይም ከጃቢ ጠህናን ተነሥቶ ጉዳዩን ሊያይ የመጣ ሰው በመስኮቱ በኩል «ስምህ የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል።